ኤ ላይ ቅናት፣ ኢ ላይ ድፋት

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ስልኩ በግራ ጆሮዬ፣ እስክሪብቶ በቀኝ እጄ፣ አንቺ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ። ትርንጎ ከሮብ ገበያ ትጠራለች፣ እኔ ከደ/ማርቆስ ጮክ ብዬ እየደገምኩ እጽፋለሁ። ሠላሳ ሁለት ፊደልና ቁጥር። አሁን ጨረስን። ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አመላለሰችኝ፤ እሷ ስትጠራ እኔ እደግማለሁ፣ ዓይኔ ወረቀቱን ይከተላል። ሦስቱንም ጊዜ አለፍኩ። እጄ ዝሏል። ጽሑፌን ግን እዪልኝ እስቲ፣ ብራና ጸሐፊ ያስንቃል።

በቀይ የተከበበው እሱ ነው። አደራ፣ ደብተሬ።

ነገ ዘንግቼ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው» እንዳልል ላስረዳሽ። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ሮብ ገበያ ከተማ የፊዚክስ መ/ርት ናት። መዳፍ የምታህል የእጅ ጌም አለቻት፣ ከባሕር ዳር አሮጌውን የገዛችው። ጌሟ ሠሪዎቿ ከፈቀዱላት ጨዋታ በቀር ሌላ አላስገባም የምትል ኩሩ ነበረች። ትርንጎ አስለመደቻት። ራሷ የጻፈችውን ጨዋታ አስገባችባት። እንዲህ በግል ተሠርቶ የሚገባውን ሆምብሩ ይሉታል አለችን፤ የቤት ጠላ እንደማለት። አባዬ ይህን ሰምተው ታዲያ ጌሾው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ቁልፉ ነው፣ ያለ እሱ አይሆንም አለቻቸው። ይህች ልጅ ቅኔ ቤት ገብታ ቢሆን ኖሮ፣ አሉ።

ጨዋታው የግእዝ ግስ ነው። አባዬ መሪጌታ ናቸው፤ ዲማ ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረዋል። ጌሟ ውስጥ በገዛ ድምፃቸው ግሱን ይጠራሉ፤ ተጫዋቹ ከአራት ትርጉም አንዱን ይጫናል። ከሳተ «ተመለስ!» ይሉታል። ሁለት መቶ አርባ ግስ። ክረምቱን እዚሁ ሳሎን ተቀምጠው፣ ጌሟን በሁለት እጃቸው ፊታቸው ላይ ይዘው፣ አንድ በአንድ ቀረጹት።

መስከረም ላይ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ሆኑ። ዳኑ፣ ተመስገን። ድምፁ ግን አልተመለሰም። ያ ከወንዝ ማዶ ይሰማ የነበረ ድምፅ ዛሬ ክር ሆኗል። ሐኪሙ ከዚህ በላይ አትጠብቁ አለን። በስልክ እንኳ ቀርጸናቸው አናውቅም። ያልቃል ብሎ ማን አሰበ? ያ ድምፅ በዓለም ላይ የቀረው እዚያች ጌም ውስጥ ብቻ ነው።

ጌሟ ደግሞ ያስቀመጠችውን ሁሉ ትቆልፋለች። እያንዳንዷ የየራሷ ቁልፍ አላት፤ የአንዷ ለሌላዋ አይሆንም። ድምፁን ወደ ፍላሽ ቢገለብጡት እንኳ፣ ቁልፉ ከሌለ የተዘጋ ሣጥን ነው። የትርንጎ ሕግ፦ ሣጥንና ቁልፍ አንድ ቤት አያድሩም። ፍላሹ ት/ቤት መሳቢያዋ ውስጥ። ቁልፉ ሦስት ቦታ፦ ጌሟ ሚሞሪ ላይ፣ ቤቷ ያለው ላፕቶፕ ላይ፣ ሦስተኛው አንቺ ላይ።

በቴሌግራም ላኪልኝ ብላት፣ ያ ቁልፍን በር ላይ ሰክቶ መሄድ ነው አለች። ቀጥላ፣ ላንቺ መስጠቴ ራሱ... ብላ ተወችው። ገብቶኛል። በዘመድ ሁሉ ዘንድ ለወይንሸት ከመንገር ጥሩንባ ማስነፋት ይቀላል እንደሚባል አውቃለሁ። በየሁለት ሳምንቱ መጽሔት ላይ የሰፈር ወሬ ለምትጽፍ ሴት ሌላ ምን ይባልላታል?

ግን ሰጠችኝ። ለእኔ። ኮርቻለሁ።


ኅዳር 4፣ ሐሙስ

አባዬ እያዜሙ ነው። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቁልፉን። ትናንት ሦስቴ ስመላለስበት ከወንበራቸው ሆነው ሰምተው ይዘውታል። በዚያች ክር በምታህል ድምፅ፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ። ኤ ሲደርሱ አገጫቸው ሽቅብ፣ ኢ ሲደርሱ ቁልቁል። «የትርንጎ ድጓ» ይሉታል። ሆዴ እስኪያመኝ ሣቅሁ።

ጎረቤታችን ወ/ሮ እንጉዳይ ወንፊት ልትዋስ ገባች። በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች። ነጠላዋን አስተካክላ ሦስቴ አማተበች፤ የየትኛው በዓል ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን ብዬ ልመልስላት? የጌም ነው ልበላት?

ከሰዓት። ለትርንጎ አወራኋት፣ አብረን እንድንሥቅ። አልሣቀችም። አባዬን አገናኚኝ አለች። እንጉዳይ ፊት፣ በአደባባይ፣ ቁልፍ ይዜማል? ምስጢር ነው፣ ለማንም፣ ለወይንሸትም ቢሆን ጮክ ብለው እንዳይሉት ብላ ለመነቻቸው። አባዬ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ትንሽ አሰቡ። ቀስ ብለው፦

«ምስጢር ከሆነ ከአፌ አይወጣም።»

ስልኩን መለሱልኝ። ጭራውን አስቀመጡት። ቤቱ ጭር አለ። አሳዘኑኝ።


ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ 9 ሰዓት

ትርንጎ ጌሟን ለአባዬ አምጥታ ሄደች፤ እዚህ ትቀመጥላቸው አለች። የዛሬውን ብታይ! አባዬ ከራሳቸው ጋር ተጫወቱ። ዓይናቸው ደክሟልና አንዱን ሊጫኑ ሌላውን ተጫኑ። ከውስጥ ያ የድሮ ድምፃቸው «ተመለስ!» ብሎ ጮኸባቸው። ደነገጡ። ቀጥሎ ሣቁ፣ ትከሻቸው እስኪናጥ፣ ድምፅ በሌለው ሣቅ።

ይህ ሰውዬ ተማሪዎቹን እንዲህ ነበር የሚያስጨንቃቸው? ብለው ጠየቁኝ። ይባስ ነበር አልኳቸው። በአጥር ቀዳዳ ስሰማ ነው ያደግሁት። ትርንጎም እኔም ሴቶች ነንና ጉባኤው ውስጥ አልተቀመጥንም። አሁን አንዷ ሴት ልጃቸው ጉባኤውን መዳፍ ላይ አስቀምጣ ሰጠቻቸው።

እንጉዳይ መጥታ አየች። ሰፈሩ በግማሽ ሰዓት ሰማ። በዚህ በኩል ከእኔ ትበልጣለች።


ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

ጉድ ስሚ።

ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር። ሳሎኑ ጢም ብሏል። አባዬ ጌሟን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ለማኅበርተኛው ያሳያሉ። እንጉዳይ ጠላ ትቀዳለች፣ ዓይኗ ግን ጌሟ ላይ። ጆጉ ከእጇ አመለጠ። ሙሉ ጆግ። ጌሟ አንዴ ብልጭ አለች፣ ከዚያ ጨለመች።

የቤት ጠላ የቤት ጠላን ገደለ። ሌላ ቀን ቢሆን ለዓምዴ ጥሩ አርእስት ይወጣው ነበር።

አሁን ሌላውን ጉድ ስሚ። ውኃ የገባበት ዕቃ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲባል ሰምቻለሁና ሩዝ አምጡ አልኩ። እንጉዳይ እያለቀሰች ሮጣ ሄዳ ጤፍ አመጣች። ጤፍ ከሩዝ ይደርቃል ብላ። ማንም አላሰበም፣ እኔም አላሰብኩም። ቀበርናት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስናወጣት በየቀዳዳዋ ጤፍ ገብቷል። ሚሞሪዋ የምትገባበት ቀዳዳ ጢም።

ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው፦ ሚሞሪዋን በወረንጦ ላውጣ ብዬ የሰበርኳት እኔ ነኝ። ቀጭ አለች። ግማሿ እጄ ላይ ቀረች።

አባዬ ጠረጴዛውን ራሳቸው ወለወሉ።


ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ለትርንጎ ደወልኩ። የጌሟን መሞት ነገርኳት። ከዚያ ነገረችኝ። ላፕቶፕዋም ከማክሰኞ ጀምሮ አልነሣም ብሏል። ጠጋኙ ውስጡ ያለው ሁሉ ጠፍቷል፣ ተስፋ ቁረጭ ብሏታል። እስከ ዛሬ ያልነገረችኝ ጌሟ ላይ ያለውን ቁልፍ በሳምንቱ መጥታ ልትገለብጥ አስባ ነው።

አየሽ? ሦስት ቁልፍ ነበረ። አንዱ ላፕቶፕ ውስጥ ሞተ። አንዱን እኔ ሰበርኩት። የቀረው አንድ ነው፤ አንቺ ላይ ያለው። ያ ከሌለ የአባዬ ድምፅ ትርንጎ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ለዘላለም ይኖራል።

እንዳትጨነቂ፣ እኔ ዘንድ አለ፣ ደኅና አድርጌ ጽፌዋለሁ አልኳት። ትልቅ እህት ሆኜ። እታለም ተባረኪ አለችኝ። ከሥራ ባልደረባዋ ተመሳሳይ ጌም ትዋሳለች፤ የድሮዋን ቁልፍ ከሰጠናት ሣጥኑን ትከፍተዋለች። የሚመጣው ቅዳሜ ትመጣለች።

ከሁሉ ዘመናዊ ዕቃ የተረፈው የወይንሸት ደብተር! ወሬኛ ይሉኛል። ይበሉ።


ኅዳር 17፣ ረቡዕ

አንቺን ይዤ ነው የምዞረው። ገበያ በነጠላዬ ሥር፣ ቤት ትራሴ ሥር። እንጉዳይ ሆድሽን ያምሻል እንዴ፣ ሁልጊዜ እጅሽን ደረትሽ ላይ ነው አለችኝ። ሳልነግራት ዋልኩ። እኔ! ሳልነግራት! ምላሴን ነክሼ ነው የዋልኩ።

አዘጋጁ ከአዲስ አበባ ደውሎ ዓምድሽ ዘገየ አለ። ይህን ታሪክ ብጽፍለት አገር ያነበው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ልጽፍ ነው መሰል።

የአባዬ አፍ ያለ ድምፅ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጸሎት ይሆናል።


ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት

መጣች። ፍላሽዋን ጡቷ ሥር ሸጉጣ፣ የተዋሰችውን ጌም በፎጣ ጠቅልላ። ባልደረባዋ ነገ ማታ ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ነገ 8 ሰዓት ላይ የሚነሣው መኪና ሊያመልጣት አይገባም። አባዬ ወንበራቸው ላይ። ገጽሽን ገለጥኩ። ትርንጎ በስልኳ ቁልፉን ጻፈች፣ ወደ ሚሞሪ ገለበጠች፣ ጌሟን አስነሣች።

አልከፈተም።


6 ሰዓት ተኩል

እንደገና። አንድ በአንድ እያነበብኩላት። አልከፈተም። ፍላሹ ተበላሽቶ ይሆናል አልኩ። ደኅና ነው አለች። ታዲያ የእኔ ጽሑፍ ሊሳሳት ነው? ሦስቴ አመላልሰሽኝ? ተቆጣሁ። ትርንጎ ገጹን ወደ መስኮቱ ወስዳ ቁማ ቀረች።


9 ሰዓት

አፈር ልብላ።

መስኮቱ ጋ ቆማ ቆይታ ዞረች። ፊቷ ተለውጧል።

«እታለም፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም A የለም።»

የለማ፣ አላልሽኝማ አልኳት። ብያለሁ፣ ኤ ስልሽ ምን ጻፍሽ? አለችኝ። ኤ-ን። የቱን ኤ? የኤልያስን ኤ፣ የኤልሳቤጥን። መታወቂያ ላይ እንደሚጻፈው። ያቺን ማበጠሪያ የምትመስለውን፣ E-ን። ኢ ስልሽስ? እሱማ የኢትዮጵያ ኢ ነው፣ ያው...

ያው E። ሁለቱንም በአንድ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ጆሮዬ ለይቶ ሰምቶ፣ አፌ ለይቶ ደግሞ፣ እጄ ግን ስም እንደሚጽፍ ጻፈ። ለዚህ ነው ሦስት ጊዜ ያለፍኩት፤ በአፍ አልተሳሳትኩማ። በአማርኛ እንጀራ የበላ እጅ!

ትርንጎ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሣቀች። ከዚያ አለቀሰች። ስምንት ቦታ E አለ። እያንዳንዱ A ሊሆን ይችላል፣ ላይሆን ይችላል። አሰላችው፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ዓይነት። ኮምፒውተር ቢኖር በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። በእጅ ግን ማረም፣ መገልበጥ፣ ማስነሣት፣ አንዱ አምስት ደቂቃ። ከሃያ ሰዓት በላይ። መኪናው ነገ 8 ሰዓት ነው።

ቃል በቃል አስታውሺ እስቲ አለችኝ። የቱ ኤ፣ የቱ ኢ ነበር? ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም የለም። ወሬ ሲሆን የአሥር ዓመቱን እተርካለሁ፤ ይህን አንዲት ነገር የለም።


11 ሰዓት ተኩል

አሥራ ዘጠኙን ሞክራለች። አልከፈተም፣ አልከፈተም፣ አልከፈተም። አባዬ ቀኑን ሙሉ እዚያው ወንበር ላይ ናቸው፤ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ ያያሉ። አንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለታችንም ዞር አልን። ውኃ ሰጠኋቸው።

ኩራቴ ዛሬ የት እንደገባ አላውቅም። ወንበር ሥር ፈልጊልኝ።


ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ጽዮን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ቀስ ብዬ ልጻፍ። ሁሉም እንዲገባ።

አባዬ ለጽዮን ቅዳሴ ሄደው 4 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ትርንጎ ሃምሳ አንደኛው ላይ ነበረች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ጋቢያቸውን አጣጠፉ፣ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ተቀመጡ። በዚያች ክር በምታህል ድምፅ፦

«ትርንጎ። ያ ነገር አሁንም ምስጢር ነው?»

ምኑ አባዬ? አለች፣ ቀና ሳትል።

«ያ ዜማሽ።»

ጌሟ ከእጇ ልትወድቅ ነበር። እኔ አንቺን ጣልኩሽ፣ ይቅር በይኝ። ያውቁታል? ያውቁታል! ኅዳር 4 ቀን ጭራ ይዘው ያዜሙት! እንዴት አላሰብንም? ሁለት የተማርን ሴቶች፣ የቃል ትምህርት ሰማንያ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ራስ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኛ ወረቀት እናሻሽ!

ታዲያ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲያዩን ምነው ዝም አሉ? አልኳቸው። ተቆጥቼ ማለት ነው፣ እያለቀስኩ። አባዬ ቅር አላቸው።

«ከአፌ አይወጣም ብያለሁ። ማን ፈታኝ? ደግሞ ማን ጠየቀኝ፣ አንች ጽፌያለሁ ስትይ?»

እሱስ እውነት ነው። ምስጢር ነው ያለቻቸው ትርንጎ ናት፤ የምትፈታቸውም እሷ ናት። ተንበረከከች። ይፈቱ አባዬ አለቻቸው። መሪጌታ በልጃቸው አፍ ተፈቱ፤ ዲማ ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ጭራቸውን አንሥተው ሰጠኋቸው። ጀመሩ። ፊደሎቹን አያውቋቸውም፤ የፈረንጅ ፊደል አልተማሩም። የሚያውቁት ድምፁን ነው። እንዳይጠፋቸው ዜማ ሠርተውለታል፦ ኤ ላይ ቅናት፣ ድምፁ ሽቅብ የሚሄድበት፤ ኢ ላይ ድፋት፣ ቁልቁል የሚወርድበት። እሳቸው ሲያዜሙ እኔ በጣቴ ገጽሽን እከተላለሁ፤ ማበጠሪያዋ ጋ ስንደርስ አገጫቸውን አያለሁ። ሽቅብ። A ጻፊ ትርንጎ። ሽቅብ። A። ቁልቁል። ተዪው። አምስት ቅናት፣ ሦስት ድፋት። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ጨርሶ ተቆረጠ፣ አየር ብቻ ወጣ። ግን አገጩ ሽቅብ ነበር። በቂ ነው።

ገለበጠች። አስነሣች። የማትንቀሳቀስ የምትመስለው ነጭ መሥመር በስክሪኑ ላይ ሄደች፣ ሄደች፣ ሞላች።

«ቀተለ!»

ቤቱ ተንቀጠቀጠ ብልሽ አላጋነንኩም። ያ ድምፅ። ከግስ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራ እሱ ነውና ከሣጥኑም መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው፤ ገደለ ማለት። አባዬ፣ ከሞት የተመለሰ ሰው ሰላምታው እንዲህ ነው? አሉ። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው ዝም አስባሉን። አዳመጡ። ቀደሰ። ገብረ። አእመረ። ዓይናቸው ተከድኗል። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ለራሴ ነጠላዬን አርጥቤያለሁ።

ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቀደሰ ላልቷል። ደው ይጠብቃል። ያን ቀን ጉንፋን ነበረብኝ። ይታረም።»

ትርንጎ ግራ ገባት። አባዬ፣ እንዲህ ባለው ድምፅዎ መካከል የዛሬውን ላስገባ? ይታረም አሉ። ልጆች በስህተቴ እንዲማሩ አልፈልግም፣ ቀጭን ቢሆንም ትክክል ይሁን። ጌሟን በሁለት እጃቸው ፊታቸው ላይ ያዙ። በሹክሹክታ፣ ደን አጥብቀው፦ ቀደሰ። ስለዚህ አሁን ከሁለት መቶ አርባው አንዱ የኅዳር አባዬ ነው፣ የተቀረው የክረምቱ። ከሁሉ የምወደው ያንን አንዱን ነው።

ቀጥሎ ጠብ ነበር፣ ትንሽ። ከተከፈተ ወዲያ ያለ ቁልፍ ይቀመጥ፣ በየስልካችን ይሁን፣ አልኩ እኔ። አባዬ አልወደዱም። ድምፄ በየሻይ ቤቱ ሲዞር አይዋል፣ ሊማር የመጣ ይስማው አሉ። ቁልፍ የሌለው ቤት ገበያ ነው። ትርንጎ በልብዋ ደስ አላት፣ አየኋት።

ባልደረባዋ ጌሟን ሊሸጥላት ተስማምቷል። 8 ሰዓት ላይ ተሣፈረች። በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ እታለም ሦስተኛው ቅጂ ነገር ይታሰብበት አለችኝ። ወደ ደረቴ አየች። ወደ አንቺ ማለቷ ነው።


ኅዳር 24፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ወሰንኩ።

አንደኛ፦ ቀይ የተከበበውን ገጽ ቀደድኩት። እሳት በላው። አትቀየሚኝ፤ በስህተትም ቢሆን ቁልፍ በግልጽ ተጽፎ መቀመጥ አልነበረበትም። ደግሞ ያን ገጽ ባየሁ ቁጥር ኤልያስና ኢትዮጵያ ትዝ እያሉኝ መኖር አልችልም።

ሁለተኛ፦ ዓምዴ ላይ አልጽፈውም። አዘጋጁ ዛሬም ደውሎ ነበር። እንጉዳይ ራሷ፣ ጽዮን ዕለት እናንተ ቤት የጮኸው ማን ነው ብላ አራት ጊዜ ጠይቃኛለች። አባዬ ናቸው አልኳት። አላመነችኝም። ተውኳት። ደብተሬ፣ ስንት ዓመት ነው የማውቅሽ? እንዲህ ያለ ወሬ ይዤ ዝም ስል አይተሽኝ ታውቂያለሽ?

ሦስተኛው ቅጂ። አንዱ ትርንጎ አዲስ ሚሞሪ ላይ፣ ሌላው አባዬ ራስ ውስጥ። አባዬ ግን አርጅተዋል፤ ይህን እሳቸው ናቸው ያነሡት፣ እኔ አይደለሁም። ትናንት ከምሳ በኋላ ጠሩኝ። ከወንበራቸው ፊት ያለችውን ዝቅተኛ በርጩማ በመቋሚያቸው ነካ አደረጓት።

«ተቀመጭ። ወረቀት አታምጪ።»

ተቀመጥኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። በአጥር ቀዳዳ የሰማሁትን ጉባኤ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ከፊቱ ተቀመጥኩ። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እደግማለሁ። ሦስተኛው ላይ ሳትኩ። ተመለሽ አሉኝ፤ በሹክሹክታ፣ ግን ያው «ተመለስ!» ነው፣ ያው ሰውዬ ናቸው። ተመለስኩ። ኤ ላይ ድፋት አደረግሁ፤ ጭራው ጉልበቴን መታኝ። ተመለስኩ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ሄደች። አንዴ ሙሉውን፣ ሠላሳ ሁለቱንም፣ ሳልሳሳት በቃሌ ወጣሁት። አባዬ ራሳቸውን አንዴ ብቻ ነቀነቁ። ተማሪዎቻቸው ይህች ንቅነቃ ስንት ዓመት እንደምትጠበቅ ይነግሩኝ ነበር። እኔ በአንድ ከሰዓት አገኘኋት።

ዛሬ ጠዋትም ስነሣ ዜማዋ ነበረች። ፊቴን ስታጠብ ወጣኋት። ዳቦ ስቆርስ ወጣኋት። አልጠፋችም፤ ከእንግዲህ ወዲያም የምትጠፋ አይመስለኝም። እንዴት እንደምታምር ብነግርሽ፣ በተለይ መጀመሪያዋ፣ ሽቅብ ብላ ቁልቁል ስትል። እስቲ ስሚኝ፦ ሰባት፣ ኤ፣

የለም። አንቺም አትሰሚያትም።